ጥር 19፣ ጥር 20፣ ጥር 24

ጎንደር ላይ ጥር ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ ጥምቀት ላይ ነው። ከተማው ቀደም ብሎ ይጸዳል፣ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ የፋሲል መዋኛ ውሃ ይሞላል። ታቦታቱ ገቡ ሲባል ደግሞ ሠርግ ይቀጥላል። ወሩ ሳያልቅ ሁለትና ሦስት ሠርግ ያልተጠራ ጎንደሬ ካለ ቤቱን ቀይሮ ጠሪ አጥቶት መሆን አለበት።

ሌላው ዓለም ውስጥ ግን ጥርን በሐዘን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ በየዓመቱ በፈረንጆች ጃንዋሪ ማለቂያ ላይ አንድ የመታሰቢያ ቀን አለው። ሠራተኞቹ ይሰበሰባሉ፣ መቃብር ላይ አበባ ይቀመጣል፣ ስም ይጠራል። ለምን በዚያ ሳምንት? ሦስቱ ትልልቅ አደጋዎቻቸው በእኛ አቆጣጠር ጥር 19፣ ጥር 20 እና ጥር 24 ላይ ስለዋሉ ነው። ዓመቶቹ 1959፣ 1978 እና 1995 ናቸው። በሦስቱ ቀኖች 17 ሰው ሞቷል።

"አንተ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርከው፣ ስለ ጠፈር ምን አገባህ?" የሚል ጓደኛ አለኝ። "ለዚያውም ጎንደር ተቀምጠህ" ብሎም ይጨምራል። ይግባኛል! አንደኛ፣ እኛም ሳተላይት ያመጠቅን ሕዝብ ነን። ሁለተኛ፣ እነዚህን ሦስት አደጋዎች አንድ በአንድ ስታዩዋቸው ታሪካቸው የሮኬት ብቻ አይሆንም። ችግር እንዳለ እያወቁ ዝም ስለማለት፣ ስለ መቸኮል፣ ስለ መርሳትም ነው። ይሄ ደግሞ እኛንም በደንብ ያገባናል።

ከጎንደር ደባርቅ፣ ግን ወደ ላይ

ጠፈር ሩቅ ይመስለናል። በተለምዶ የጠፈር መጀመሪያ ተብሎ የሚወሰደው ከፍታ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎንደር ደባርቅ ያለው መንገድ እኮ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚገባውን አስፋልት አንሥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ብታቆሙት ጫፉ ጠፈር ላይ ነው። ሚኒባስ ወደ ላይ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ከምሳ በፊት እንደርስ ነበር።

እዚያ መድረሱ ሳይሆን እዚያ መቆየቱ ነው ከባዱ። ቀጥ ብሎ 100 ኪሎ ሜትር የወጣ ነገር እንደ ተወረወረ ድንጋይ ተመልሶ ይወርዳል። ሳይወርድ ምድርን እንዲዞር ከተፈለገ ወደ ጎን በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ መብረር አለበት። በዚህ ፍጥነት ከጎንደር አዲስ አበባ፣ በአየር መስመር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ርቀት፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ትጨርሱታላችሁ። ለዚህ ነው ሮኬት ማለት በአብዛኛው ነዳጅ ነው የሚባለው። ከክብደቱ ከአሥር ዘጠኝ እጅ የሚሆነው የሚቃጠል ነገር ነው፤ የተረፈችው ትንሽ ክፍል ናት ዕቃውንና ሰውን የምትይዘው።

እኛ ይህን በቅርብ ያየነው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ22 ላይ፣ ገና ፀሐይ ስትወጣ፣ ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ማምጠቂያ ተነሣች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሥራዋ መሬትን ፎቶ ማንሣት፤ ለግብርና፣ ለደን፣ ለውሃና ለአየር ንብረት የሚሆን መረጃ መላክ። እንጦጦ ላይ ባለው የጠፈር ምርምር ማዕከል ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ተሰብስበው በቀጥታ ተከታተሉ፤ የቀረነው በስልካችን አየን። 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀችና 6 ሚሊዮን ያህሉን ቻይና እንደሸፈነች በወቅቱ ተዘግቧል። "ዳቦ ሳይኖር ሳተላይት" የሚለው ክርክርም ፌስቡክን ሞልቶት ነበር።

በዚያ ሁሉ ክርክር መሃል ብዙም ያልተወራ አንድ ነገር ነበር። የተሳፈረችበት ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው ሮኬት ከስድስት ዓመት በፊት፣ ኅዳር 30 ቀን 2006፣ ከዚያው ከታይዩዋን ተነሥቶ ሦስተኛው ሞተሩ ያለጊዜው በመጥፋቱ ከሽፏል። ይዞት የነበረው የብራዚልና የቻይና የጋራ ሳተላይት እንደወጣ ቀረ። የእኛዋ በተነሣችበት ጠዋት የሮኬቱ ዋና ተሳፋሪ ማን ነበረች መሰላችሁ? የብራዚልና የቻይና ሌላ ሳተላይት። እነዚያ ሰዎች ያንን ሮኬት ድጋሚ ሲያዩት ሆዳቸው ምን ይል እንደነበር አስቡት። አልሸሹትም ግን። የመክሸፉ ምክንያት ተፈትሾ፣ ተስተካክሎ፣ ድጋሚ ተጫነ። በዓመቱ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ሁለተኛዋ ትንሿ ሳተላይታችን ኢቲ ስማርት አርኤስኤስ ስትመጥቅ ደግሞ ሎንግ ማርች 8 የተባለው ሮኬት ራሱ ገና የመጀመሪያ በረራው ነበር። ጠፈር ሲባል እንዲህ ነው፤ አደጋውን ዜሮ ማድረግ አይቻልም፣ ማወቅ ግን ይቻላል።

73 ሰከንድ

ጥር 20 ቀን 1978፣ ማክሰኞ። ፍሎሪዳ ውስጥ ረፋዱ ላይ ነበር፤ ጎንደር ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰው ይዛ ተነሣች። ከሰባቱ አንዷ ክሪስታ ማክኦሊፍ አስተማሪ ነበረች፤ ከጠፈር ሆና ለተማሪዎች ትምህርት ልትሰጥ። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ልጆች በቴሌቪዥን እያዩ ነበር። በ73ኛው ሰከንድ፣ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ መንኮራኩሯ ተበታተነች።

ምክንያቱ የጎማ ቀለበት ነው። በጎንና በጎኗ ያሉት ትልልቅ ማስወንጨፊያዎች ቁርጥራጭ ሆነው መጥተው ነው የሚገጣጠሙት። በመገጣጠሚያው መሃል ጋዝ እንዳያልፍ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት አለ። ጎማ ደግሞ ብርድ አይወድም። በደባርቅ ወይም በሳንቃ በር ማለዳ የውሃ ጎማ ለማጠፍ የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ደርቆ እንጨት ይሆናል። በዚያች ሌሊት ፍሎሪዳ ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር፣ ሲነሡም አየሩ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። ቀለበቱ ደነደነ፣ ቀዳዳውን መዝጋት አቃተው፣ እሳት ሾልኮ ወጣ።

የሚያንገበግበው ግን ይሄ አይደለም። ማስወንጨፊያውን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች ይህን አስቀድመው ያውቁ ነበር። ሮጀር ቦዦሌ የተባለው መሐንዲስ ከወራት በፊት በጽሑፍ አስጠንቅቋል። ከመነሣቱ በፊት ባለው ምሽት በስልክ ስብሰባ ተደርጎ መሐንዲሶቹ "ከ12 ዲግሪ በታች አታስነሡ" ብለዋል። ከናሳ በኩል ቅሬታ ሲመጣ የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው መክረው "ይነሣ" አሉ። ፍሎሪዳ የነበረው የኩባንያው ኃላፊ አለን ማክዶናልድ አልፈርምም አለ፤ ሌላ ሰው ፈረመ።

እስቲ የአለቆቹን ቦታ ያዙት። በረራው ደጋግሞ ተራዝሟል። ዓለም እያየ ነው። ኩባንያው ከናሳ ውል ይፈልጋል። መሐንዲሱ ደግሞ "ይፈነዳል" ብሎ በእርግጠኝነት አይናገርም፤ የሚለው "ይፈነዳ ይሆናል" ነው። ዛሬ ብታራዝም ኪሳራውን ዛሬውኑ ታየዋለህ፤ አደጋው ግን ገና ግምት ነው። በኢኮኖሚክስ ክፍል ለዚህ ብዙ ስም ተምረናል፤ ቤታችን ውስጥ ግን አንድ ስም ነው ያለው፤ "ግድ የለም፣ እስከ ዛሬ ምን ሆነ?"

ሊማሊሞን መውረድ

መውጣቱን አየን። አሁን ወደ መውረዱ እንምጣ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ የሄደ ሰው ይህን ክፍል ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

ሊማሊሞ ላይ የጫነ መኪና ሲወርድ ችግሩ ሞተር አይደለም፣ ፍሬን ነው። መኪናው ከፍታ ላይ ሆኖ ያጠራቀመው ጉልበት አለ፤ ሲወርድ ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የሚሄደው ፍሬን ሸራው ላይ ነው፣ ሙቀት ሆኖ። ያ የሚሸተው ሽታ እሱ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ፍሬኑን እያሳረፈ ይወርዳል።

ከጠፈር መውረድ እንዲሁ ነው፣ ግን ማርሽ የለውም። በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር የሚበር አንድ ኪሎ ነገር የያዘው ጉልበት ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የጎንደር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አንድ ኪሎ ብቻ! መንኮራኩሯ ደግሞ 100 ቶን ገደማ ናት። ይህን ሁሉ በሞተር ለማቆም ሲወጡ የተቃጠለውን የሚያህል ነዳጅ ተሸክሞ መውጣት ሊያስፈልግ ነው፤ አይቻልም። ስለዚህ በሞተር ትንሽ ብቻ ይገታሉ፣ የቀረውን ፍሬን አየሩ ይይዛል። ከፊት ያለው አየር መሸሻ ጊዜ አጥቶ ሲታመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ የፓምፑ አፍ የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የመንኮራኩሯ የክንፍ ጠርዝ 1,600 ዲግሪ ያልፋል። ከሥር ያለው አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ሙቀት የሚከላከል ሽፋን ብቻ ነው።

ኮሎምቢያ ጥር 8 ቀን 1995 ተነሣች። 82 ሰከንድ ላይ ከነዳጅ ታንኳ አንድ የፎም ቁራጭ ተላቅቆ የግራ ክንፏን መታው። ፎም፣ እንደ ፍራሽ ውስጡ ያለ ቀላል ነገር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ የማይሞላ። ቪዲዮው ላይ በማግስቱ ታየ። "ፎም ክንፍ ምን ያደርጋል? ከዚህ በፊትም ሲመታ ኖሯል" ተባለ። መሐንዲሶች ጉዳቱ ከጠፈር በኩል ፎቶ እንዲነሣ ሦስት ጊዜ ጠይቀው አልተሳካም።

ከተነሣች በሦስተኛው ቀን ጎንደር ጥምቀት ነበር። ኮሎምቢያ ከምድር ወገብ 39 ዲግሪ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ባለው ቀበቶ ውስጥ ነበር የምትዞረው፤ ጎንደር በዚያ ቀበቶ መሃል ናት። ፋሲል መዋኛ ላይ ሕዝቡ ውሃ ሲረጭ ሰባት ሰዎች ቀዳዳ ክንፍ ይዘው፣ ቀዳዳ መሆኑንም ሳያውቁ፣ በየ90 ደቂቃው ምድርን ይዞሩ ነበር። ከነሱ መሃል ሕንድ የተወለደችው ካልፓና ቻውላና የመጀመሪያው እስራኤላዊ የጠፈር ተጓዥ ኢላን ራሞን ነበሩ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ለማረፍ 16 ደቂቃ ሲቀራት፣ የጋለው አየር በቀዳዳው ገብቶ ክንፉን ከውስጥ በላው። ቴክሳስ ሰማይ ላይ፣ 60 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ተበታተነች። ቁርጥራጮቿን ለመልቀም ሺህ ሺህ ሰው ወጣ፤ ከ84,000 በላይ ቁራጭ ተሰበሰበ። በፍለጋው ላይ ሄሊኮፕተር ወድቆ ሌሎች ሁለት ሰዎች ሞቱ። ለምርምር ይዘዋቸው የነበሩ ጥቃቅን ትሎች ግን በሕይወት ተገኙ።

በኋላ መርማሪዎቹ ፎም በተመሳሳይ ፍጥነት ክንፉ ላይ ተኩሰው ሞከሩት። 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ በረገደ። "ፎም ምን ያደርጋል" የሚለው ጥያቄ መልሱን አገኘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

መውረድ የገደለው አሜሪካውያንን ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 16 ቀን 1959 ሶቪየታዊው ቭላድሚር ኮማሮቭ ሶዩዝ 1 ላይ ሆኖ ሲመለስ ፓራሹቱ ሳይከፈት ቀርቶ ሞተ። ሰኔ 23 ቀን 1963 ደግሞ ከጠፈር ጣቢያ የተመለሱ ሦስት ሰዎች አንዲት የአየር መዝጊያ ያለጊዜዋ ተከፍታ አየር አልቆባቸው አለፉ። መንኮራኩራቸው በሰላም አረፈች፤ በሩ ሲከፈት ሦስቱም ሞተዋል። የጠፈር ልብስ አልለበሱም ነበር፣ ምክንያቱም ለሦስት ሰው ከነልብሱ ቦታ አይበቃም። ከዚያ በኋላ ሶቪየቶች ለጊዜው ሰዉን ወደ ሁለት ቀንሰው ልብሱን አስገዳጅ አደረጉ። ከአንድ ወንበር ሦስት ሕይወት ይበልጣል የሚለው ሒሳብ የተሠራው ከሞት በኋላ ነው።

ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጀምሮ

አሁን ወደ እኔ ሙያ፣ ወደ ቁጥር እንግባ።

ቻሌንጀር ከወደቀች በኋላ ከመርማሪዎቹ አንዱ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፤ "መንኮራኩሯ የመጥፋት ዕድሏ ስንት ነው?" የናሳ አለቆች፦ ከ100,000 በረራ አንድ። በእጃቸው የሚሠሩት መሐንዲሶች፦ ከ100 አንድ ገደማ። አንድ ዕቃ፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሺህ እጥፍ ልዩነት!

ከ100,000 አንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በጎንደርኛ ላስረዳችሁ። መንኮራኩሯ በየቀኑ፣ እሑድም በዓልም ሳትል፣ ብትበር አንድ አደጋ ለማየት 270 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ማለትም እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ በነበሩበት ዘመን ብንጀምር፣ በየቀኑ አንድ አስነሥተን፣ እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ይጠፋ ነበር። እውነቱስ? መንኮራኩሮቹ በድምሩ 135 ጊዜ ተነሡ፣ ሁለት ጠፉ። ከ67 አንድ። መሐንዲሶቹ የተናገሩት ለእውነቱ በጣም የቀረበ ነበር።

ቁጥሩ ለምን ተለያየ? አለቆቹ ውሸታሞች ስለነበሩ ብቻ አይደለም። መሐንዲሱ የሚያየው የተበላ ቀለበት ነው፤ አለቃው የሚያየው ሪፖርት ነው። መጥፎ ወሬ አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር ይለሰልሳል። "ይበላል" የነበረው "መጠነኛ መበላት ታይቷል" ይሆናል፣ ከዚያ "በክትትል ላይ ነው"፣ ከዚያ "ችግር የለም"። የቢሮ ደብዳቤ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይህን መሰላል ያውቀዋል።

መጋቢት 1

እስካሁን የሌላ አገር ሰው ሐዘን ነው ያወራነው። መጋቢት 1 ቀን 2011፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የ35 አገር ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች ነበሩበት። የተረፈ የለም።

ይህ ጠፈር አይደለም፣ አውሮፕላን ነው። ታሪኩን ከቻሌንጀር ጎን አስቀምጡት ግን። የቦይንግ 737 ማክስ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ነበረው። ሶፍትዌሩ የሚያምነው የአንድ ሴንሰርን ወሬ ነው፤ ያ ሴንሰር ከተሳሳተ አውሮፕላኑ ያለምክንያት ወደ መሬት ይገፋል። አውሮፕላኑ ለአየር መንገዶች ሲሸጥ በአብራሪዎች መመሪያ ላይ ኤምካስ አልተጻፈም ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን በዚሁ ምክንያት ወድቆ 189 ሰው ሞተ። ማስጠንቀቂያው እሱ ነበር፤ እንደ ተበላው ቀለበት፣ እንደ ፎሙ።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ የራሱን ሒሳብ ሠራ። ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን ወደ 15 የሚሆኑ ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ ይችላሉ የሚል ግምት ወጣ። 15! አውሮፕላኖቹ ግን መብረር ቀጠሉ፤ ማስተካከያው እስኪደርስ የመመሪያ ማስታወሻ ይበቃል ተባለ። ሒሳቡ ተሠርቶ፣ ተነቦ፣ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የእኛዎቹ ተነሡ። ከአደጋው በኋላ ነው ዓለም ሁሉ ማክስን ያወረደው፤ አሜሪካ ራሷ ከብዙዎች በኋላ በሦስተኛው ቀን።

ታዲያ ጥር 20 እና መጋቢት 1 ምን ያህል ይራራቃሉ? 33 ዓመት። ትምህርቱ ግን ያው ነው፦ አንድ ሰው ያውቅ ነበር፣ ቁጥሩ ነበረ፣ ጊዜው ግን ውድ ነበር።

መቅበር ወይስ ማቆየት

እኛ ሙታንን ማስታወስ እናውቃለን። ሣልስት አለን፣ አርባ አለን፣ ሰማንያ አለን፣ ሙት ዓመት አለን፣ ሰባት ዓመት አለን። ቀን እየቆጠርን፣ ጠላ እየጠመቅን፣ ድሃ እያበላን። በዚህ ማንም አይበልጠንም። የማንቆጥረው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው የሞተበትን ምክንያት።

ናሳ በዚህ በኩል የሄደበት መንገድ ያስተምራል። የቻሌንጀር ስብርባሪ ከተመረመረ በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ አገልግሎት ባቆሙ የሚሳኤል ጉድጓዶች ውስጥ ገብቶ ተዘጋበት። ሰዉ ማየት አልቻለም፣ ያማል። ከአፖሎ 1 እስከ ቻሌንጀር 19 ዓመት፣ ከቻሌንጀር እስከ ኮሎምቢያ 17 ዓመት። እኔ ይህን ሳይ የሚመጣብኝ የሰው ዕድሜ ነው። አደጋውን በዓይኑ ያየው፣ ያለቀሰው፣ "ዳግመኛ አይደገምም" ያለው ትውልድ ጡረታ ሲወጣ፣ የተረፈው መመሪያ ብቻ ነው። መመሪያ ደግሞ አያለቅስም።

የኮሎምቢያ ጊዜ ሌላ ነገር አደረጉ። ስብርባሪውን አልቀበሩትም። መንኮራኩሮቹ ይገጣጠሙበት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ክፍል ሰጡት፤ አዳዲስ ሠራተኞች ገብተው ያዩታል፣ ተመራማሪዎች ቁራጭ ተውሰው ያጠኑታል። በኋላም ከሁለቱም መንኮራኩሮች አንዳንድ ክፍል ወጥቶ ለሕዝብ ታየ። ሐዘኑ ወደ ትምህርት ቤት ተቀየረ።

የመጀመሪያውን አደጋም እንዳንረሳው። ጥር 19 ቀን 1959፣ አፖሎ 1፣ ግሪሶም፣ ዋይትና ቻፊ። እነሱ እንኳ አልተነሡም፤ መሬት ላይ ልምምድ ላይ ነበሩ። ክፍሉ በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ሳለ እሳት ተነሣ፣ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበር ግፊቱ ይዞት መከፈት አቃተው። ነዳጅ ስላልተሞላ "አደገኛ አይደለም" የተባለ ልምምድ ነበር። ከዚያ በኋላ በሩ ወደ ውጭ በሰከንዶች እንዲከፈት ተደረገ፣ አየሩም ተቀየረ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ሰው ጨረቃ ላይ አረፈ። ያ በር ባይቀየር ኖሮ ማን ያውቃል።

ታዲያ እኛስ?

ሊማሊሞ ላይ አንድ መኪና ሲገለበጥ የምንሰማው ዜና ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ፍሬን አልይዝ ብሎት"። ለቅሶ እንሄዳለን፣ "ቀኑ ደርሶ ነው" እንላለን፣ በሳምንቱ ሌላ መኪና እዚያው ጠመዝማዛ ላይ ይወርዳል። ፍሬን ግን ድንገት እምቢ አይልም። ሸራው ማለቁን ጋራዥ ያለው ልጅ ያውቃል። ጭነቱ መብዛቱን የጫኑት ያውቃሉ። ረዳቱ ትናንት ሽታው እንደሸተተው ያውቃል። ረዳቱ ለምን አልተናገረም? ስለሚባረር ነው። የቻሌንጀሩ መሐንዲስና የሊማሊሞው ረዳት አንድ ችግር ነው ያለባቸው፤ እውነት መናገር ዋጋ ያስከፍላል፣ ዝም ማለት ነፃ ነው። ኢኮኖሚክስ ይህን በአንድ መስመር ይነግራችኋል፦ ሰው የሚያደርገው የሚያስከፍለውን አይቶ ነው። ሰው እንዲናገር ከፈለግን መናገርን ማርከስ አለብን።

ይህ የመንግሥት ሥራ ብቻ አይደለም። እናንተ ነገ ቢሮ፣ ፋብሪካ፣ ክሊኒክ፣ ባንክ የምትገቡ ልጆች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ እንጦጦ ላይ ሳተላይት ትቆጣጠራላችሁ፤ ከቦንጋ ተነሥቶ፣ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምሮ፣ አሜሪካ ሄዶ በጠፈር ሥራ ስሙን ያስጠራው ዶክተር ቅጣው እጅጉ ከእኛው መሃል ነው የወጣው። አንድ ቀን አለቃችሁ "ዛሬ መነሣት አለበት" ሲል፣ እናንተ ደግሞ ቀለበቱ እንደደነደነ ስታውቁ፣ በዚያች ደቂቃ ምን እንደምትሉ ከአሁኑ አስቡበት። አለቃ ከሆናችሁ ደግሞ ጥያቄውን ገልብጡት። "አደገኛ መሆኑን አረጋግጥልኝ" አትበሉ፤ "አደገኛ አለመሆኑን አረጋግጥልኝ" በሉ። በቻሌንጀር ምሽት የተገለበጠው ይህ ጥያቄ ነበር።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ቅጠሉ ርካሽ ነው፤ ችግሩ ገና ጭስ ሳይታይ ማውጣት መፈለጉ ነው።

ጥር ሲመጣ ጥምቀቱን እናክብር፣ ሠርጉንም እንጨፍር። ጥር 19፣ 20 እና 24 ሲደርስ ግን አንድ አንድ ደቂቃ ለ17ቱ፤ መጋቢት 1 ሲደርስ ደግሞ ለ157ቱ እንስጥ። በዚያች ደቂቃ ነፍስ ይማር ካልን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ አሁን በዚህ ሰዓት፣ በሥራ ቦታዬ፣ ሁላችንም እያወቅነው ዝም ያልነው የትኛው ቀለበት ነው?